ገዢ መሳዮቹ

«ቤቱ ሽማግሌ ሽማግሌ ይሸታል» አለች ደላላዋ ወጥ ቤት ውስጥ ሆና በስልክ፤ ድምፅዋን ዝቅ ላድርገው እንኳ አላለችም። «በሩን ገና ገርበብ ስታደርገው ነው አፍንጫህ ውስጥ ጥልቅ የሚለው። መስኮቱን በሙሉ ከፍቻለሁ፣ ዳቦም ምድጃ ውስጥ ከትቻለሁ፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ግድግዳው ራሱ ጠጥቶታል።»

ኢንገላ የአቧራ መጥረጊያ ማሽኑን እንደ ሕፃን ታቅፋ ደረጃው መሃል ላይ ቆማ ነበር። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ወርዳ ልጅቷን በዚያ በነጭ ሸራ ጫማዋ ወደ ጭቃ በረዶው ማባረር ነው፤ ቀጥሎ ትዝ ያሏት አባቷ ናቸው። ሄልገ ከታች ኮሪደሩ ላይ፣ ለዛሬ ተብሎ ከኪራይ በመጣ ቀጭን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ማሰሪያ ያስራሉ። ከወጥ ቤቱ በር በሁለት ክንድ ርቀት። የሚታያት ጀርባቸው ብቻ ነው። የመስሚያ መሣሪያቸው ጆሯቸው ላይ አለ ወይስ የለም? አንገቷን አሰገገች፤ አይታይም። «ሰማሃት እንዴ?» ተብሎ ደግሞ አይጠየቅም፤ ያልሰሙ እንደሆነ ያን ጊዜ መስማታቸው ነው። ስለዚህ ማሽኑን አስነሳችና አንዴ የጠረገችውን ደረጃ እንደገና ትጠርግ ገባች። ሄልገ አንዱን ጫማ አስረው ጨረሱ። ፈቱት። እንደገና አሰሩት።

እሁድ ነው፤ የማርች መጨረሻ፤ ቤቱ ለገዢ የሚታይበት ሦስተኛው የማሳያ ቀን። ሄልገን የሚመስል ነገር ሁሉ ከቤቱ ተለቅሞ ወጥቷል። ክንዱ የተላጠው ወንበራቸው ጋራዥ ውስጥ የመኪና ጎማ ተሸክሟል፤ የሠርጉም የልጅ ልጆቹም ፎቶግራፍ ወርዶ በፎቶው ፈንታ ምንም የማይመስል ግራጫ ሥዕል ተሰቅሏል፤ የመታጠቢያ ቤቱ መደገፊያ ብረት ተነቅሎ ቀዳዳው በነጭ ተለስኗል። ሶፋው ላይ ነጫጭ ትራሶች ተደርድረዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ማንም የማይነካው አንድ ሳህን ሎሚ አለ። «ገዢ ቤት ውስጥ ማየት የሚፈልገው ራሱን ነው እንጂ እናንተን አይደለም» ብላቸዋለች ፊሊፓ፣ ደላላዋ፤ እሷ ስትናገረው ሳይንስ ይመስላል። ሄልገ ታዲያ በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆኑ። ብርጭቆ ሲያነሱ ዘወር ብለው ሰው ያያሉ። ሶፋው ላይ ሲቀመጡ ትራሱን እንዳይጨፈልቁ ጫፉ ላይ፣ ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው። ሐሙስ ዕለት ሄሪንግ ዓሣ ጠብሰው ኖሮ ስታፋን፣ ወንድ ልጃቸው፣ በስልክ ጮኸባቸው፤ «አባዬ፣ እስከ እሁድ ዓሣ ሳይበሉ መቆየት ያን ያህል ይከብዳል?» አላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚበሉት ቀዝቃዛ ዳቦ በአይብ ነው፤ እሱንም ቆመው፣ ፍርፋሪው የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ እንዲወድቅ አጎንብሰው።

ያጠፉት ነገር ቢኖር ሰው የሚያደርገውን ማድረጋቸው ነው። በከተማቸው በኤስኪልስቱና ሰው መጀመሪያ ይገዛል፣ ከዚያ ይሸጣል። ኢንገላም እንዲያ ነው ያደረገችው፣ ስታፋንም፣ መሥሪያ ቤቷ ያሉትም ሁሉ፤ ቤት እሁድ ታይቶ ማክሰኞ በሚሸጥበት ዘመን ሌላ መንገድ ያለ የሚመስለው ሰው አልነበረም። የነኢንገላ እናት ጌርድ ትዝታዋ ከከዳት በኋላ የገባችበት የአረጋውያን መኖሪያ ፊት ለፊት አንድ አፓርታማ ለሽያጭ ሲወጣ ጊዜ፣ ሄልገ በሳምንቱ ፈረሙ። አፓርታማው በግቢው ማዶ ነው፤ መስኮት ለመስኮት። አሁን ሚስታቸውን ለማየት ሁለት አውቶቡስ ይቀይራሉ፤ መንገዱ በረዶ የጋገረ ቀን ደግሞ ጭራሽ አይሄዱም፤ ያልሄዱ ቀን ስልክ አያነሱም። ከአዲሱ አፓርታማ ግን በነጠላ ጫማ ተሻግሮ ቁርስ አብሮ መብላት ይቻላል። ቀብዱን ሰጡ፤ ቀሪው በሜይ መግቢያ ይከፈላል ተባለ። ወዲያው ወለድ ወደ ላይ ወጣ፣ ገዢ እጁን ኪሱ ከተተ። ይህ ቤት እስከ ሜይ ካልተሸጠ ባንኩ አይከፍልም፤ አፓርታማው ለሌላ ይሰጣል፣ ቀብዱም በዚያው ይቀራል፣ ጌርድም በከተማው ማዶ። ይህን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። ኢንገላ ግን ጥርሷን ስትቦርሽም የምታስበው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያው ማሳያ ጥቂት ሰዎች መጥተው ጣሪያውን አይተው ሄዱ። በሁለተኛው የመጣው ጎረቤታቸው ሩነ ብቻ ነበር። ፊሊፓ ትምህርት እንደምታስረዳ መምህርት እጇን እያወናጨፈች ስለ ማሞቂያው ስትነግረው፣ እሱ የሄል ዳቦውን አንድ በአንድ ጨርሶ፣ «የራሴ ወጥ ቤት ይሻላል» ብሎ ወጣ።

«ሰዓቱ ደርሷል» አለች ፊሊፓ አሁን ከወጥ ቤት ብቅ ብላ፤ ፊቷ ፍክት ብሏል፣ ያ ሁሉ ንግግር ከአፏ የወጣ አይመስልም። «ሄልገ፣ አንተም ብትሆን ንጹህ አየር ብታገኝ ደስ ይልሃል አይደል? ባለቤት ቤት ውስጥ ካለ ሰው ይጨነቃል፣ ቁም ሣጥን ለመክፈት ያፍራል።»

«እኔም ቁም ሣጥኔን ለመክፈት ማፈር ጀምሬያለሁ» አሉ ሄልገ። ባርኔጣቸውን ደፍተው ሲያልፉ ኢንገላ ጆሯቸውን አየች። መሣሪያው አለ፤ ትንሿ አረንጓዴ መብራትም በርታለች።

ኢንገላ አባቷን አሳፍራ መኪናዋን ከሩነ ቁጥቋጦ አጥር ሥር አቆመች፤ በሩ ይታያል፣ እነሱ ግን ብዙም አይታዩም። የትም ይሂዱ ተብለው ነበር፤ ግን የት ይኬዳል? ልብ እዚህ እያለ የገበያ አዳራሽ ውስጥ መዞር አይሆንላትም። ትንፋሻቸው መስታወቱን ሸፈነው። ኢንገላ መስኮቷን አንድ ጣት ያህል ዝቅ አደረገችና ስልኳን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ለአባቷ ልትነግራቸው የሚገባ ነገር ነበር፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክቷል። ነገሩን የፈጠረው ስታፋን ነው። ስታፋን የመኪና ምርመራ ጣቢያ ውስጥ ይሠራል፤ ሰው ባዶ ምግብ ቤት እንደማይገባ፣ ወረፋ ያየ ሁሉ ግን ምን እንደሚሸጥ ሳይጠይቅ እንደሚሰለፍ ደርሼበታለሁ ይላል። «ማሳያ ባዶ ከሆነ ቤቱን ይገድለዋል እንጂ አይሸጠውም» አላት። «ቤት ውስጥ ሰው ካለ ሰው ሰውን ያያል፤ አንዱ ሲፈልገው ሌላው ይቀናል፣ ዋጋ ይጨምራል። እኔ ሰው አመጣለሁ፤ አንቺ አፍሽን ብቻ ዝጊ።» ለፊሊፓ እንዳይነገራት፤ ደላላ እንዲህ ያለ ነገር ካወቀች ሥራዋን ልታጣ ትችላለች። ለአባዬም እንዳይነገረው፤ አባዬ አባዬ ነው። ኢንገላ ነውር ነው አለች፣ ቀጥሎ ዝም አለች፣ ቀጥሎ እሺ አለች። ሜይ እሺ አሰኛት።

«እኔ ጫማ ቤት የምገባው ጫማ ስፈልግ ነው» አሉ ሄልገ ከጎኗ። «እነዚህ ግን ሊገዙ ነው የሚመጡት ወይስ እንዲያው ሊያዩ?»

«ሊያዩ ነው አባዬ። ካዩ በኋላ ነው የሚገዙት።»

«ሩነም አይቷል እኮ።»

«ሩነ በላ እንጂ ምን አየ!»

ሄልገ ሳቁ። ከገና ወዲህ ሲስቁ ሰምታቸው አታውቅም። ከዚያ ሰው መምጣት ጀመረ፤ መጀመሪያ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ መኪና ሙሉ። ደጃፉ ላይ እያጎነበሱ ወለሉን እንዳያቆሽሹ ያንን ሰማያዊ የጫማ ላስቲክ ያጠልቃሉ፣ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ፣ ይገባሉ። ሄልገ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ፣ መስታወቱን በእጅጌያቸው ጠረጉት። «እንዴ» አሉ፤ ጉንጫቸው ቀላ። «እንዴ ኢንገላ፣ ይኸ ሁሉ ሰው! ሌላም መጣ።» ኢንገላ እጇ ላይ ያለውን ስልክ ጨበጠችው። በሌላኛው የመንገዱ ጫፍ፣ ከታጠፈው በኩል፣ ስታፋን መኪናው ውስጥ ሆኖ ሰዎቹን በየተራ እየላከ ነው፤ አንዱን ቡድን ሲለቅ ለእሷም መልእክት ይልክላታል። «የቦውሊንግ ጓዶቼ ገቡ።» «አሁን መዘምራኑ።» አባቷ በደስታ ባዩ ቁጥር ለልጅ ባዶ ካርቶን በወርቃማ ወረቀት ጠቅልላ የሰጠች ይመስላታል።

አንዲት ባለ ሐምራዊ ሻርፕ ሴትዮ ከመኪና ወርዳ፣ ቤቱን ዓይታ እንደማታውቅ ሰው እጆቿን አጨብጭባ፣ «ዋ! እንዴት ያለ ቤት ነው!» አለች፤ ለመንገዱ ሁሉ እንዲሰማ።

ሄልገ መስታወቱን እንደገና ጠረጉት።

«ያቺ ጉንቦር ናት» አሉ።

ኢንገላ ስልኳን ገልብጣ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«የእናትሽ የመዝሙር ጓደኛ ጉንቦር። ሠላሳ ዓመት በየገናው እዚህ ቤት በልታለች።» ወደ መስታወቱ ቀረቡ። «ጉንቦር ቤት ትገዛለች እንዴ? ምን ልታደርገው? የቀድሞ ቤቷን ደረጃ መውጣት አቅቷት አይደል ሊፍት ያለው ቤት የገባችው?» ከጉንቦር ኋላ ደግሞ አንገቱ ላይ ንቅሳት ያለው ግዙፍ ሰውዬ ወረደ፤ ባለፈው ክረምት የሄልገን መኪና ፍሬን ያየላቸው የስታፋን ባልደረባ ነው። ሄልገ እሱንም አዩት። ከዚያ ሌላ ማየት ተዉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ጠርዙን በጣታቸው ያዞሩት ጀመር። ኢንገላ በልጅነቷ ያጠፋች ጊዜ አባቷ አይቆጡም ነበር፤ ዝም ይሉና እሷ ራሷ ዝምታውን ሰብራ እስክትናዘዝ ይጠብቁ ነበር። አሁን ግን የሚጠብቁም አይመስሉም። ዕድሜዋ አምሳ አራት ነው፤ መሬት ተከፍታ ከነመኪናዋ ብትውጣት በወደደች።

በዚህ መካከል ነው ቀይ ትንሽ መኪና መጥታ ከፊታቸው የቆመችው። አንዲት ወጣት ሴት ወረደች፤ ካፖርቷ ሆዷ ላይ አልዘጋ ብሏታል። ባሏ ሮጦ ዞሮ በክንዷ ያዛት፤ መንገዱ ያንሸራትታል። እነዚህን ኢንገላ አታውቃቸውም። ስልኳን አየች፤ ስታፋንም ስለነሱ የላከው ነገር የለም። እውነተኛ ሰው! ቀና ብላ ተቀመጠች፤ ግቡ፣ ግቡ፣ ወጥ ቤቱን እዩት፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በየት እንደምትገባ እዩ፣ ጓሮው ያለውን የፖም ዛፍ እዩት እያለች በልቧ ገፋቻቸው። ገቡ። ደቂቃዎቹ እንደ ጎማ ተለጠጡ። ስታፋን፣ «ሞልቷል!! ፊሊፓ በደስታ ልታብድ ነው አሉ» ብሎ ጻፈላት። ከዚያ በሩ ተከፈተና ሁለቱ ወጡ፤ በጣም ፈጥነው። ሴትዮዋ የጫማ ላስቲኩን ከእግሯ እየመነጨቀች ነበር። መኪናቸው አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ፤ ከኢንገላ መስኮት ክንድ በማይሞላ ርቀት።

«አይ ኤልዲን፣ በቃኝ» አለች ሴትዮዋ። «ሌላ ጨረታ ውስጥ አልገባም ብዬህ የለ?»

«ምድር ቤቱን እንኳ አላየንም ቱቫ።»

«ምን ያደርግልሃል? ሕዝቡን አላየህም? ያቺ ባለ ሐምራዊ ሻርፕ መጋረጃውን በክንዷ መለካት ጀምራለች! ያ ዝሆን የሚያህል ሰውዬ ደግሞ እያንዳንዱን በር እየከፈተ ‹የኔ ነው፣ የኔ ነው› የሚል ይመስላል።»

«ወጥ ቤቱን ወደሽው ነበር እኮ።»

«ለዚያ ነዋ የምሄደው! አምስት ቤት ወድጄ አምስቱንም በመጨረሻዋ ሰዓት ሰው ነጠቀኝ። አሁን ደግሞ ይኸ ሆድ አለብኝ፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር መደንገጥ አልችልም። ክፈተው መኪናውን፣ በረደኝ።»

ኢንገላ አልተነቃነቀችም። መስኮቱ ክፍት ነው፤ እያንዳንዷ ቃል ገብታለች። ብትወርድ ምን ትላለች? የስታፋን ዕቅድ ይፈርሳል፤ ፊሊፓ ታውቃለች፤ ያ ሁሉ ሰው ይዋረዳል። ባትወርድ ደግሞ በሦስት ማሳያ የመጣው ብቸኛው እውነተኛ ገዢ የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ እየፈለገ ነው። ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማች። አባቷ እጃቸውን ሰድደው የመቀመጫ ቀበቶዋን ፈትተውታል። ፊታቸውን ወደ እሷ አላዞሩም፤ እጃቸውን መልሰው ባርኔጣቸው ላይ አደረጉ።

ወረደች። እግሯ ሸርተት ሲል በቀዩ መኪና መስታወት ተደገፈች፣ ሴትዮዋ ደነገጠች።

«ይቅርታ» አለች ኢንገላ። «ይቅርታ። ቤቱ የኛ ነው። የአባቴ። ውስጥ ያሉት ሰዎች ገዢ አይደሉም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የእናቴ የመዝሙር ጓደኞች ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ የወንድሜ የቦውሊንግ ጓደኞች። ቤቱ ሰው የሚፈልገው እንዲመስል ነው የመጡት።»

ኤልዲን የተባለው ሰው ሳቅ አፈነው፤ ቱቫ ግን አልሳቀችም። ኢንገላን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «ከፍላችኋቸው ነው?»

«ኬክ ቃል ተገብቶላቸዋል።»

«ኬክ!» አለ ኤልዲን።

«ዝም በል አንተ። እሺ፣ ሰዎቹ ዘማሪ ናቸው። ምድር ቤቱስ? እሱም ይዘምራል?»

ኢንገላ ፊቷ ጋለ። «ምድር ቤቱ በረዶው ሲቀልጥ በሰሜን በኩል ውሃ ያስገባል» አለች። «ብዙ አይደለም። ግን ያስገባል። ትናንት እኔ ነኝ የጠረግኩት፤ ምንጣፍም አንጥፈንበታል።»

«ለምንድን ነው ይኸን የምትነግሪኝ?»

ፊሊፓ አጥብቃ የነገረቻቸው ነገር ቢኖር ለምን እንደሚቸኩሉ ለማንም እንዳይናገሩ ነው፤ ገዢ የሻጭን ጭንቀት ከሩቅ ያሸታል ብላለች። ኢንገላ ይህን ታውቃለች። እያወቀች ከአፏ አመለጣት። «በሜይ መግቢያ ካልሸጥን አባቴ የገዛው አፓርታማ ይሄድበታል። እናቴ ከአፓርታማው ፊት ለፊት ናት። ሰው አታውቅም አሁን። እሱ ግን ያውቃታል።» ብላ ስትጨርስ ያልሰጠቻቸው ምስጢር አልቀረም። ቱቫ ወደ ባሏ አየች፣ ባሏ ወደ ቤቱ አየ። «በሉ እሺ» አለች ቱቫ፤ በቀዝቃዛ ድምፅ ይሁን በለዘበ፣ ኢንገላ ያን ቀን ሙሉ ስትመዝነው ብትውልም አልለየላትም። ቀይዋ መኪና ሄደች። ኢንገላ ወደ መኪናዋ ተመልሳ ስትገባ አባቷ ምን አሉሽ አላሏትም። መስኮቱን ዘጋች። ጉንቦር ከውስጥ ወጥታ ዳቦ በናፕኪን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ሁለቱም አዩዋት።

ወደ ማታ ሦስቱ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀመጡ። ሻማው፣ ሎሚው፣ ነጩ ሁሉ እንዳለ ነው፤ ማንም ልንካው አላለም። ስታፋን ግን ተደስቷል፤ እጁን እያፋተገ ይዘዋወራል፣ በር ይከፍታል ይዘጋል። «አባዬ፣ ሰው ጢም ብሎ ነበር እኮ! ተገፋፍተው ነው አሉ ያዩት። እንዲህ ነው ሥራ!» ሄልገ፣ «አዎ፣ አየሁ» አሉ። ስታፋን የአባቱን ፊት አየና ወደ እህቱ ዞረ፤ እህቱ ጠረጴዛው ላይ የሌለ ፍርፋሪ በጣቷ ትሰበስባለች። ስታፋን ከዚህ ሽያጭ የሚተርፈውን በልቡ ከፋፍሎ ጨርሶታል፤ እሱም ወለድ የሚበላው ቤት አለበት፣ ሚስቱም በየሳምንቱ ታስታውሰዋለች። ክፉ ሰው አይደለም። የተጨነቀ ሰው ነው፤ ጭንቀቱን በጩኸት የሚሸፍን። ኢንገላ ይህን ስለምታውቅ ነው ዓይኑን ማየት ያቃታት።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ ሦስቱም ደነገጡ። ስታፋን ድምፁን ለሁሉም ከፈተው።

«እንዴት ያለ ቀን ነበር!» አለች ፊሊፓ። «በዚህ ክረምት እንዲህ የሞላ ማሳያ አላየሁም። ግን የሚገርም ነገር ልንገራችሁ? ለሁሉም ደወልኩ። ሁሉም ቤቱን ወዶታል፤ ማንም አይፈልገውም። አንዷ ሴትዮ እንዲያውም ከባሌ ጋር ልማከር አለችኝ።»

ስታፋን ሳል ያዘው። የጉንቦር ባል ከሞተ ዓመታት አልፈዋል።

«አንድ ዋጋ ግን መጥቷል። ከወጣት ባልና ሚስት። ሦስት ሚሊዮን ከሦስት መቶ ሺህ ክሮና።»

እነሱ የጠየቁት ሦስት ሚሊዮን ከዘጠኝ መቶ ሺህ ነው። ኢንገላ የአፓርታማውን ዋጋ ሳትፈልግ ከቀረበው ዋጋ ላይ ቀነሰችው፤ ይበቃል። ለጥቂት ይበቃል። ከዚያ በላይ ግን ለማንም አይተርፍም። ለስታፋንም፣ ለእሷም።

«ይኸን ያህል ሰው እያየ በዚህ ዋጋ?» አለ ስታፋን። «አብደዋል? ሌላ ሰው እንዳይቀድማቸው አይፈሩም?»

«እሱን እኮ ነው ላነሳላችሁ የፈለግኩት» አለች ፊሊፓ፤ ድምፅዋ ተለወጠ። «ሌላ ገዢ እንደሌለ እናውቃለን ይላሉ። ከሜይ በፊት መጨረስ እንዳለባችሁም ያውቃሉ። ምድር ቤቱ ውሃ እንደሚያስገባም። ይኸን የነገርኳቸው እኔ አይደለሁም። ማን ነው የነገራቸው?»

ስታፋን ቀስ ብሎ ወደ እህቱ ዞረ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተወጥሯል። ኢንገላ አፏን ከፈተች።

«እኔ ነኝ» አሉ ሄልገ።

«ምን?»

«እኔ ነኝ የነገርኳቸው አልኩህ።»

ስታፋን ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ። «አንተ? አባዬ፣ አንተ እኮ በሕይወትህ መዋሸት ችለህ አታውቅም። አሁንም እየዋሸህ ነው፤ ፊትህ ላይ ይታያል።»

«እሱማ ልክ ነው» አሉ ሄልገ። «አልችልም ነበር። ዛሬ ግን ቀኑን ሙሉ ከልጆቼ ስማር ዋልኩ።»

ስታፋን ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። መልስ የሚፈልግ ይመስል ነጩን ግድግዳ፣ ግራጫውን ሥዕል አየ። ፊሊፓ ከስልኩ ውስጥ፣ «አላችሁ?» አለች፤ እስከ ነገ እናቆያቸው፣ መቶ ሺህ እንጨምር ብንላቸው ሊጨምሩ ይችላሉ ብላ መደርደር ጀመረች። ፊሊፓ ትክክል እንደሆነች ኢንገላ ታውቃለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ማንም እንዲያ ያደርጋል። ግን ቀዩ መኪና ሲሄድ ታያት፤ ቱቫ በር ስትዘጋ ታያት፤ ሌላ ማሳያ፣ ሌላ ሎሚ፣ ሌላ ዳቦ ታያት። የሷ ድርሻ ዛሬ አልቋል።

«እሺ በያቸው» አሉ ሄልገ። ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው፣ የማያዩት ሰው የማይሰማም እንደሚመስላቸው ሁሉ ጮክ ብለው ነው። «አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ። ማክሰኞ ይፈርሙ።»

«ሄልገ፣ እርግጠኛ ነህ?»

«ሽማግሌ ሽማግሌ ከሚሸት ቤት ይኸም ብዙ ነው» አሉ።

ፊሊፓ በጣም በቀጭን ድምፅ፣ «መልሼ እደውላለሁ» አለች። የደወለችው ወጥ ቤቱ ጨልሞ፣ ማንም መብራት ላብራ ሳይል ነበር፤ ተስማምተዋል፤ ማክሰኞ ጠዋት ይፈርማሉ። እስኪፈርሙ ግን ቃላቸው አያስራቸውም፤ ሐሳባቸውን ሊለውጡም ይችላሉ፤ ይህን ለሁላቸውም አስታወሰቻቸው። ኢንገላ ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ደስ ግን አላላትም። ማክሰኞ። ሰኞ ሙሉ ቀን አለ በመካከል። ሴትዮዋ እናቷን ታማክር ይሆናል፤ እናቷ ደግሞ የምድር ቤት ውሃ ስትሰማ እጇን ራሷ ላይ ታደርግ ይሆናል። ስታፋን ተነስቶ ጃኬቱን ለበሰ። «ደህና እደሩ» አለ። ማንን እንደሆነ አልታወቀም። በሩ ድረስ ሄደ፣ እጀታውን ያዘ፣ አልከፈተውም።

ሄልገ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቁጥሩን ተጫኑ። የመኖሪያው ሠራተኛ አነሳች፤ ጌርድ እራት በልታ ጨርሳለች፣ አልተኛችም፣ ቆይ ላቅርብላት አለች። መንኮሻኮሽ ተሰማ፣ የሰው ትንፋሽ ተሰማ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለች ጌርድ፤ ድምፅዋ ለማታውቀው ሰው የሚሰጥ፣ ጨዋ ድምፅ ነበር። «ማን ልበል?»

ሄልገ ትንሽ አሰቡ።

«አዲሱ ጎረቤትሽ ነኝ» አሉ። «በሜይ እገባለሁ። እስከዚያ ልተዋወቅሽ ብዬ ነው።»